ለጀማል የመረጥኳት ፒካፕ

ስሜ ሁሴን ነው፤ የኮምቦልቻ ሰው ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት ከባድ መኪና ስነዳ፣ በሚሌና በጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። ከሳዑዲ ከተመለስኩ ወዲህ “ምን አየህ? ምን ሰማህ?” የሚለኝ ሰው ስለበዛ፣ ለእያንዳንዱ ከማወራ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ። የሕንጻና የባሕር ዳር መብራት ወሬ የሚፈልግ ሌላ ሰው ይጠይቅ። እኔ የሄድኩት ለሁለት ጉዳይ ነበር፤ ዑምራ ለማድረግና ታናሽ ወንድሜን ጀማልን ይዤ ለመመለስ።

ሁለተኛውን ያዘዘችኝ እናታችን ናት። ጀማል ጅዳ ሲገባ ጢም እንኳ በቅጡ አላበቀለም ነበር። አባታችን ሲሞት የመውጫና የመመለሻ ወረቀቱ ዘግይቶበት ለቀብሩ ሳይደርስ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እናታችን “ደኅና ነው ወይ?” ማለቷን ትታ “መቼ ነው የሚመጣው?” ብቻ ሆነች። እኔም ለእሱ ታላቅ ብቻ ሳልሆን ያሳደግኩት ነኝና ስነሳ “ሂድና ይዘኸው ና” አለችኝ። እሺ ብያት ወጣሁ።

የመጀመሪያው ቀን

ከቦሌ ስነሳ ኢሕራም ለብሼ ነበር። ያልተሰፋ ሁለት ነጭ ጨርቅ ነው፤ አንዱ ይሸረጣል፣ አንዱ ይደረባል። ሱሪ ለብሶ ለኖረ ሾፌር ቀላል ልብስ አይደለም፤ ከወንበሬ በተነሳሁ ቁጥር በአንድ እጄ ወገቤን ጨብጬ ነው። ኢሕራም የለበሰ ሰው ደግሞ ሽቶ አይነካም። አስተናጋጇ ከምግቡ ጋር የሰጠችኝን እርጥብ መጥረጊያ ሳላስብ ቀድጄ ፊቴን ሞዠቅሁበት። ሎሚ ሎሚ ሸተትኩ። ደንግጬ አጠገቤ ወደ ተቀመጡት የባቲ ሴት ዞርኩ።

“እናቴ፣ ምን ይሻለኛል?”

“ረስተህ ነው?”

“ወላሂ ረስቼ ነው።”

“እንግዲያው አላህ የረሳን አይዝም። ታጠበውና ሁለተኛ እንዳትደግም” አሉኝ። የራሳቸውን ጨርቅ ከመጠጥ ውሃቸው አርሰው አቀበሉኝ። እስክንወርድ ድረስ አስተናጋጇ አንዳች ነገር ባቀረበችልኝ ቁጥር አሽትተው ነው የሚያሳልፉልኝ።

ጅዳ ስንደርስ ጀማል በር ላይ ቆሞ ነበር። መጀመሪያ አላወቅሁትም። እኔ በልቤ ይዤ የሄድኩት አንገተ ቀጭን ልጅ ነው፤ የጠበቀኝ ጢሙ ውስጥ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ጎልማሳ ነው። ጉልበቴን ሊስም ሲጎነበስ ይዤ አቀናሁት።

ከዚያው በቀጥታ፣ ጀማል በተዋሳት መኪና፣ ወደ መካ ነዳን። መንገዱ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ ነው፤ ጉድጓድ እጠብቃለሁ፣ ጉድጓድ የለም። እግሬ ግን የእኛን መንገድ ስለለመደ፣ ተሳፋሪ ሆኜም ፍሬን ይረግጥ ነበር። ጀማል አይቶኝ ሳቀ።

ስለ ሐረሙ፣ ስለ ታላቁ መስጊድ፣ ብዙ አልጽፍም፤ የቻለ ይየው። ካዕባን ባየሁ ጊዜ ከአገር ቤት ሸምድጄ የሄድኩት ዱዓ ሁሉ ጠፋብኝ። አንድ ነገር ብቻ ቀረልኝ፤ “ያ ረብ፣ ወንድሜን ወደ እናቱ መልስልኝ።” ስዞር እሱኑ ነው የምለው። ጀማል ከኋላዬ ሆኖ ሁለት ክንዱን በግራና በቀኝ ዘርግቶ ከግፊያው ይከላከልልኛል። ምን እየለመንኩ እንደሆነ አይሰማም። ስንወጣ ጫማዬን ካስቀመጥኩበት አጣሁት፤ ጀማል የራሱን አውልቆ እግሬ ሥር አደረገና ባዶ እግሩን ሄደ።

ሁለተኛው ቀን

ያደርነው ኩዳይ ነው፤ ከሐረሙ በስተደቡብ፣ የሐጃጅ አውቶቡሶች የሚቆሙበት ሰፈር። ቤቱ አውቶቡስ የሚያጥቡ የከሚሴ ልጆች በጋራ የተከራዩት ነው። ያለቻቸውን አንድ አልጋ ለእኔ ለቀው እነሱ መሬት ተኙ። ጠዋት ስነሳ ሥራ ሄደዋል። ፉልና ትኩስ ዳቦ በፎጣ ተሸፍኖ ራስጌዬ ተቀምጧል። ስማቸውን እንኳ በወጉ ሳልይዝ ወጣሁ፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ወደ ጅዳ ስንመለስ ጀማል ወሬውን ጀመረ።

“ጋሼ፣ በጥሩ ጊዜ ነው የመጡ። መኪና ልንገዛ ነው፤ እኔና ከፊሌ።”

ከፊል የሚሉት የውጭ አገር ሰው በስሙ ሆኖ የሚሠራለትን ያገሩን ተወላጅ ነው። የጀማል ከፊል አቡ ሳልህ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። በረሃ ወጥተው ለሚሰፍሩ ቤተሰቦች ድንኳን፣ ምንጣፍ፣ ውሃና ማገዶ ያቀርባሉ። የሚያጓጉዘው፣ የሚተክለውና የሚነቅለው ጀማል ነው።

“ሰዎቹ ቤት አጥተው ነው በረሃ የሚሰፍሩ?” አልኩት።

“ኧረ ቪላ አላቸው ጋሼ። ብርዱ ሲገባ ለመዝናናት ነው።”

ብርድ የሚሉት እኛ እጅጌያችንን ሰብስበን የምንሠራበትን አየር ነው። እኛ ሰፈር ድንኳን ሲተከል ወይ ሰርግ ነው ወይ ለቅሶ፤ ለደስታው ብሎ ከቤቱ ወጥቶ ድንኳን ውስጥ የሚያድር ሰው ሲነገረኝ የመጀመሪያዬ ነው።

አሮጌዋ መኪና ሞታለች። አሁን ከባድ የሚሸከም፣ አሸዋ የሚወጣ፣ ጀማልም ከሰፋሪዎቹ ጋር በረሃ ሲከርም የሚያድርበት ጠንካራ ፒካፕ ይፈለጋል። አቡ ሳልህ ይገዛሉ፣ ጀማል ይሠራበታል፣ ትርፉን ይካፈላሉ። እሱም በበኩሉ መኪናዋን ጥሎ እንደማይሄድ ቃል ሰጥቷል።

“እስከ መቼ?” አልኩ።

“መኪናዋ እስክታረጅ።”

ጥሩ መኪና ስንት ዘመን እንደሚያገለግል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

“መምረጡን ለጋሼ ትቻለሁ ብያቸዋለሁ” አለ። “አንቱ አይተው ጥሩ ናት ካላሉና ካልመረቋት ቁልፏን አልነካም። በአፍዎ ብቻ ሳይሆን ከልብዎ።”

የእናታችንን መልእክት ያኔውኑ መንገር ነበረብኝ። ፊቱ ላይ ያለውን ደስታ አይቼ ዋጥኩት።

ጀማል የሚኖረው ሸረፊያ ነው። ሱቁም ሰዉም የተጨናነቀበት ሰፈር ነው፤ የሐበሻው ብዛት ፒያሳ የወረድኩ አስመስሎኛል። ጎረቤቱ ሰናይት የጎጃም ልጅ ናት፣ ክርስቲያን፤ ቀን ቀን አንዲት ማዳም ቤት ትሠራለች። ሽሮና ምስር ሠርታ ጠበቀችን።

“ሥጋ ብሠራ አትበሉልኝም ብዬ ነው ጋሼ” አለች። “ደግሞ ድስቱም አዲስ ነው፤ ሥጋ ነክቶት አያውቅም።”

አገር ቤትም እንዲህ ያለ ሽሮ በልቼ አላውቅም ብላት አላመነችኝም። ጀማል እጁን ሊታጠብ ሲወጣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “ታላቅ ወንድም ሲመጣ ሊወስድ ነው። የእኔም መጥቶ ‘ነይ፣ ተነሽ’ ባለኝ እያልኩ ነው የምኖረው። እሱ ግን እንደ እኔ አይደለም፤ እዚህ ሥራውን ይወደዋል። ሲወስዱት ቀስ ብለው ይሁን” አለችኝ።

ሦስተኛው ቀን

ፔትሮሚን ሄድን፤ በከተማዋ በስተደቡብ፣ ጋራዥና መጋዘን የሞላበት ሰፈር ነው። የናፍታና የብረት ሽታው ሲመታኝ አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ተክለ ሃይማኖትና ሶማሌ ተራ ቢዋሐዱ እንዲህ ይሆኑ ነበር።

ጀማል ልቡን የጣለባት መኪና ነጭ ናት፤ ሁለት ጋቢና፣ ወንበሯ ቆዳ፣ እንደ ሙሽራ የምታበራ። እየዞረ በመዳፉ ይዳብሳታል። እኔ የደህንነት ቀበቶዋን ይዤ እስከ መጨረሻው ሳብኩት። ከሥሩ ላይ ደረቅ የጭቃ መስመር ወጣ። ምንጣፏን ገለጥኩ፤ የወንበሩ ብሎኖች ዝገው ተነፋፍተዋል። ጅዳ ዝናብ እምብዛም አያውቃትም፤ ሲመጣባት ግን ጎርፍ ሆኖ ነው፣ መኪናውን ሁሉ ያጥለቀልቃል።

“ይቺ ጎርፍ የጠጣች ናት” አልኩት። “ዛሬ ታበራለች፤ ነገ በረሃ መሐል ገመዷ ሁሉ አንድ በአንድ ይከዳሃል።”

ሻጩ ጮኸ፣ ማለ፣ ወደ ሰማይ ጠቆመ። ጀማል ቀበቶውን ብቻ አሳየውና “ኸላስ”፣ በቃ፣ ብሎት ወጣን። መንገድ ላይ እጄን ይዞ “አላህ ዕድሜ ይስጥዎ፣ አንቱ ባይኖሩ ጉድ ሆኜ ነበር” አለኝ። ምስጋናው አሳፈረኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ጭቃውን ሳይ ልቤ በደስታ ዘሎ ነበር። አንዷ ወደቀች፤ ሁሉም እንዲህ ይውደቁልኝ ብዬ ነበር።

ሁሉም ግን አልወደቁም። ወደ ማምሻው አንድ ጥግ ላይ ሌላ ፒካፕ አየን። አንድ ጋቢና፣ የጭነት ካሶኒዋ ረጅም፣ ቀለሟን ፀሐይ የበላው፣ አንድ በሯ የተቀጠቀጠ። ጀማል አልፏት ሊሄድ ነበር። እኔ ግን ቆምኩ። ከሥሯ ገብቼ ስተኛ ሻንሲዋ ንጹሕ ነው፤ የባሕሩ ጨው አላገኛትም። የኖረችው በደጋው በጣኢፍ በኩል ነው አሉን። ሸክሙን የሚችለው ባሌስትራዋ ላይ ትርፍ ንጣፍ ተጨምሮበታል። የናፍታ ሞተሯ ሲነሳ ድምፁ አንድ ወጥ ነው። አቧራዬን እያራገፍኩ ከሥሯ ወጣሁ።

“እንዴት ናት ጋሼ?”

“ጭነን ሳናያት አይነገርም” አልኩት።

አራተኛው ቀን

ባለቤቷ ፈቅዶልን ውሃ በበርሜል፣ ድንኳን ከነምሰሶው፣ ምንጣፍና ማገዶ ጭነን ከከተማ ወደ ምሥራቅ ወጣን። ዳገት ወጣች፣ አልሞቀችም። ቁልቁለት ላይ ያዝኳት፣ ቀጥ አለች። ካምቢዮዋ ከእጅ ጋር ይሄዳል። እንዲህ ያለች መኪና አግኝቼ በወጣትነቴ ብነዳት ኖሮ ጀርባዬ ዛሬ ደኅና በሆነ።

አሸዋው ጋ ስንደርስ “እዚህም እኔ ልንዳት” አልኩ። ጀማል “ጎማው ይተንፍስ መጀመሪያ” ሲለኝ “በረሃ ለእኔ ነው የምትነግረኝ?” ብዬ ገባሁበት። ብዙም ሳልሄድ እስከ ሆዷ ተቀበረች። ጀማል አካፋውን አወረደና ሳቁን ዋጥ አድርጎ “ይሄ የአፋር መንገድ አይደለም ጋሼ” አለ። ጎማውን አስተነፈሰ፣ ቆፈረ፣ ቀስ አድርጎ አወጣት። እጁ የሚያውቀውን ነው የሚሠራው። ቆሜ አየሁት፤ ያሳደግኩት ልጅ ከእኔ የሚበልጥበት ነገር እንዳለ ሳይ ደስም አለኝ፣ ከፋኝም።

ጭነቱን አውርደን በላን፤ ሩዝና የታሸገ ዓሣ። ጀማል ባዶው ካሶኒ ላይ ወጥቶ በጀርባው ተዘረጋ። “እግሬን እጥፍ ሳላደርግ አድርባታለሁ!” አለ። ከዚያ ተነስቶ ተቀመጠና ጠየቀኝ። “እንግዲህስ? ጥሩ ናት?”

በአፌ “ነገ እነግርሃለሁ” አልኩ። በልቤ ያለውን ግን ከዚያ በላይ መያዝ አልቻልኩም። “እማ ይዘኸው ና ብላኛለች” አልኩት።

ከካሶኒው ወረደና አሸዋውን በእግሩ ገፋ ገፋ አደረገው።

“አውቄያለሁ” አለ። “ጋሼ፣ እኔ እዚህ ከመጣሁ ‘ያ ወለድ’ ነው ስሜ። አንተ ልጅ፣ አምጣ፣ አንተ ልጅ፣ ውሰድ። አርጅቼም ልጅ ነኝ። አቡ ሳልህ ናቸው መጀመሪያ ጀማል ብለው የጠሩኝ። አሁን ደግሞ ሥራውን ያዘው አሉኝ። አገሬ ብገባ ምን ብዬ ነው የምገባ? ከየት ልጀምር? ይምጣ ካሉ እመጣለሁ፤ እምቢ አልልዎትም። ግን ባዶ ሆኜ ነው የምመጣ።”

ጭነቱን መልሰን ጭነን ወደ ከተማ ገባን። መኪናዋ በመንገዱ ሁሉ አንዲት እንከን አላሳየችኝም።

አምስተኛው ቀን

ጁምዓ ነው። ከሶላት በኋላ አቡ ሳልህ ከከተማው ወጣ ብሎ በተከሉት ድንኳናቸው ምሳ ጠሩን። ልጆቻቸው ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ሽማግሌው ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ፊንጃሉን፣ ትንሿን የቡና ስኒ፣ በገዛ እጃቸው ሞልተው ሰጡኝ።

እኛ አገር እንግዳ የቀረበለት ላይ አይጣደፍም። ይግደረደራል፣ ይለመናል፣ እንደገና ይለመናል፣ ከዚያ ይቀምሳል። ስለዚህ ፊንጃሉን ተቀብዬ ምንጣፉ ላይ አኖርኩና እስኪለምኑኝ ጠበቅሁ። የሚለምነኝ ጠፋ። ጨዋታው ቀጥ አለ። ልጆቹ ወደ አባታቸው አዩ። ጀማል ፊቱ ተለዋውጦ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

“ጋሼ፣ ምን አደረጉ? እዚህ እንግዳ ፊንጃሉን መሬት አስቀምጦ ካልጠጣ፣ ጉዳይ አለኝ፣ ካልተፈጸመልኝ አልቀምስም ማለት ነው።”

“እኔ እስኪለምኑኝ ብዬ ነው እንጂ!”

ጀማል ሊያስረዳቸው አፉን ሲከፍት ሽማግሌው ቀደሙት። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው “አብሽር” አሉ።

“የጠየቁት ሁሉ ተፈጽሞልዎታል አሉ” አለኝ ጀማል። “ምን እንደሚጠይቁ ሳያውቁ ነው እሺ ያሉ። እሳቸው ደግሞ ቃላቸውን አያጥፉም።”

ክብደቱ ገባኝ። እኛም አገር ለእርቅ የሄደ ሽማግሌ ነገሩ ካልተሰማለት እህል አይቀምስም። ካዕባ ሥር የለመንኩት ነገር እጄ ላይ ነው፤ “ወንድሜን ልቀቁልኝ” ብል አለቀ። ግን ያንን ቃል ወደ ዓረብኛ የሚመልሰው ራሱ ጀማል ነው።

“ይናገሩ ጋሼ” አለኝ። “ያሉትን ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግርልዎታለሁ።”

እንደሚያደርገው አውቃለሁ። ፊቱን አየሁት። በራሱ አፍ በራሱ ላይ ላስፈርድበት አልቻልኩም። እናቴንም አሰብኳት።

“መኪናዋ ጤነኛ ናት በላቸው” አልኩ። “ከባዱን ትችላለች፣ ዕድሜም አላት። ይግዟት።”

ጀማል ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል ተረጎመ። አቡ ሳልህ ጉዳዩ ይህ እንዳልሆነ ገብቷቸው ጠበቁኝ። ፊንጃሉ አሁንም መሬት ነው።

“ቀጥል። እናቱ በሕይወት አለች በላቸው። ሙቀቱ ገብቶ ድንኳን በተነቀለ ቁጥር፣ በየዓመቱ፣ ወደ እናቱ ይላኩልኝ። ወረቀቱ አስቀድሞ ይዘጋጅለት። ለቀብሯ አይደለም፤ ፊቷን እንዲያይ ነው።”

ጀማል ጀመረ። “እናቱ” የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ አንገቱን ደፋ። ማንም አላጣደፈውም። እንደምንም ጨረሰው። አቡ ሳልህ ፊንጃሉን ከመሬት አነሱ፣ የቀዘቀዘውን ደፉ፣ አዲስ ሞልተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ጠጣሁ። መራራ ነው፤ ጨረስኩት።

ስድስተኛው ቀን

ፔትሮሚን ሄደን መኪናዋ ተገዛች። ጀማል ቁልፉን ከአቡ ሳልህ አልተቀበለም፤ ሁለቱም ወደ እኔ አዩ። እጄን ሞተሯ ላይ አድርጌ “አላህ ከጎርፍ፣ ከአሸዋ፣ ከክፉ ዓይን ይጠብቅሽ። ጭነትሽ ሐላል ይሁን። ወስደሽ መልሺው” አልኳት። ጀማል አሚን አለ። ሽማግሌው ቋንቋዬን ባያውቁም እጃቸውን ዘርግተው አሚን አሉ። ከልቤ ነበር። ከልቤ መሆኑ ነው ያመመኝ።

ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በእሷው ወሰደኝ። ሰናይት ለመንገድ ብላ ዳቦ ጋግራ፣ በጨርቅ ቋጥራ ሰጥታኛለች። ጀማል ሻንጣዬን ካወረደ በኋላ “ለእማ ምን ይሏታል?” አለኝ።

“የሆነውን” አልኩት።

አቀፈኝ። ከዚያ ወዲህ ወደ ኋላ አልዞርኩም፤ ብዞር አልሄድም ነበር።

ከተመለስኩ በኋላ

ኮምቦልቻ ስገባ እናታችን መደብ ላይ ተቀምጣ ነበር። መጀመሪያ ያየችው እኔን አይደለም፤ ከኋላዬ ያለውን ነው።

“ብቻህን ነህ” አለች።

አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሐረሙን፣ ሸረፊያን፣ በረሃውን፣ “መኪናዋ እስክታረጅ” ያለውን፣ መሬት ያስቀመጥኩትን ፊንጃል።

“በየዓመቱ ይመጣል?”

“በየዓመቱ። ቃላቸውን ሰጥተዋል።”

“መኪናዋን ማን መረጣት?”

“እኔ።”

“ጥሩ ናት?”

“በጣም ጥሩ ናት እማ። ብዙ ዘመን ትሠራለች።”

“ምናለ ለእኔ ስትል አንዴ ‘አትረባም’ ብለህ ብትዋሸው፣ ልጄ?” አለችኝ።

ከዚያ መዳፎቿን ዘርግታ ለመኪናዋ ዱዓ ታደርግ ጀመር። የመኪናዋን ዕድሜ እንዲያረዝም አላህን ለመነችው። እኔም አሚን አልኩ።